የተቆረጠ ፍሬም፣ የጠፋ ድምፅ፦ አስቂኝ የካውቦይ ፊልሞችን በቤት ቪዲዮ እትሞቻቸው መመዘን

(ለፋኩልቲው መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



በዚህ አዳራሽ ስለ ቅኔ፣ ስለ ታሪካዊ ልቦለድና ስለ ተውኔት ብዙ ተብሏል። ዛሬ ግን ስለ ካውቦይ ፊልም፣ ያውም ስለሚያስቀው ዓይነት፣ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሁለት ፊልሞች ይዤ ቀርቤያለሁ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1970 በጣሊያን የተሠራው የኤንዞ ባርቦኒ ፊልም ሲሆን፣ እኛ ባጭሩ «ትሪኒቲ» የምንለው ነው፤ ቴረንስ ሂልና ባድ ስፔንሰር ይተውኑበታል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የወጣው የሜል ብሩክስ «ብሌዚንግ ሳድልስ» ነው። ከዚህ በኋላ የውጭ ፊልሞችን ዓመት ስጠራ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

የማነሣው ጥያቄ ፊልሞቹ ጥሩ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚል አይደለም። ፊልሞቹን የምናውቃቸው በየትኛው ቅጂ ነው? ያ ቅጂስ ምን ቆርጦ፣ ምን ጨምሮ ደረሰን? ይህ የነጋዴ ወይም የዕቃ ሰብሳቢ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን በእጅ ጽሑፍ ጥናት ውስጥ ያገኘዋል። አንድን የብራና ድርሳን የሚያጠና ሰው ቅጂውን ሳያነጻጽር ስለ ደራሲው ሐሳብ አይፈርድም። እኛ የፊልም ሰዎች ግን አራተኛና አምስተኛ ቅጂ አይተን በዳይሬክተሩ ላይ ስንፈርድ እንውላለን።

በዚህ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከሾላ እስከ ኮተቤ፣ ከቀበና እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉት ሰፈሮች ያደገ የአንድ ትውልድ ተመልካች የካውቦይን ፊልም በአብዛኛው የተማረው ከቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤት ምን እንደነበረ ለማያውቁት ወጣቶች ባጭሩ ልግለጽ። አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ጠባብ ክፍል፣ ከፊት ከፍ ብሎ የተቀመጠ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከበሩ ውጭ የዕለቱ ፊልሞች ስም በእጅ የተጻፈበት ሰሌዳ፣ መግቢያው ጥቂት ሳንቲም። በዚያ ክፍል ውስጥ የራሱ የሂስ ቋንቋ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ «አክተሩ» ይባላል፤ አክተሩ አይሞትም፤ ሌላው ሁሉ ወንበዴ ነው። «ትሪኒቲ» ይህን ሥርዓት ያናጋል፤ ምክንያቱም ሁለቱም አክተሮች ግማሽ ወንበዴዎች ናቸው። ታላቅየው ባምቢኖ ፈረስ ሌባ ሆኖ ሳለ የሸሪፍ ኮከብ ለጥፎ ከተማ ያስተዳድራል። ታናሽየው ደግሞ ከስንፍናው የተነሣ በፈረስ ላይ ለመቀመጥ እንኳ አይደክምም፤ ፈረሱ በሚጎትተው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ነው አገር የሚያቋርጠው።

ከዚሁ ቃሬዛ እንጀምር። ፊልሙ የተቀረጸው ስፋቱ የከፍታውን 2.35 እጥፍ በሚሆን ፍሬም ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ስፋት የከፍታው 1.33 እጥፍ ብቻ ነበር። ሰፊውን ምስል ጠባቡን ሳጥን እንዲሞላ ለማድረግ ከስፋቱ ከመቶ 43 ያህሉን መጣል ያስፈልጋል። ወደ ቪዲዮ ካሴት ሲገለበጥ የተደረገውም ይህ ነው። አንድ ቴክኒሻን በየትዕይንቱ የትኛው ወገን ይቅር፣ የትኛው ይውጣ እያለ ይወስናል፤ ሁለት ሰዎች በሁለቱ ጫፍ ሲነጋገሩም ካሜራው ባልተንቀሳቀሰበት ቦታ ምስሉን ከግራ ወደ ቀኝ ያንሸራትተዋል።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርምና ቅርባችን ባለ ነገር ላሳይ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ሸንተረር ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው በቀኙ ጉለሌን፣ በመሐል አራዳን፣ በግራው የካን፣ ከዚያም አልፎ ኮተቤን ያያል። ከዚህ እይታ ከመቶ 43ቱን ቁረጡ ብትባሉ ከሁለቱ ጠርዞች አንዱን ወይም የሁለቱንም ግማሽ ትጥላላችሁ። የቀረው ሥዕል ውሸት አይሆንም፤ ከተማው ያው ከተማ ነው። ግን ከተማዋ በተራራው ሥር እንዴት እንደተዘረጋች የሚናገረው ነገር ጠፍቷል። ሰፊ ፍሬም የሚሸከመው ትርጉም እንዲህ ያለ ነው፤ በነገሮች መካከል ያለው ርቀት።

የ«ትሪኒቲ» መክፈቻ ቀልድ ደግሞ ከርቀት በቀር ሌላ ምንም የለውም። ፈረሱ ብቻውን፣ ጋላቢ ሳይኖረው፣ ያውቀው ይመስል መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ከኋላው፣ ከአቧራው ውስጥ፣ ሰውየው ተንጋሎ ይጎተታል። ሁለቱን ባንድ ፍሬም ስታዩ ማን ማንን እንደሚመራ ግራ ይገባችኋል፤ ሳቁ የሚመጣውም ከዚያ ነው። በጠባቡ ካሴት ግን ወይ ፈረስ ታያላችሁ ወይ የተኛ ሰው። ፈረስ ብቻውን አያስቅም፤ የተኛ ሰውም እንዲሁ። ባርቦኒ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ካሜራማን ነበር። የ1966ቱን «ጃንጎ» የቀረጸው እሱ ነው፤ ያ ፊልም በጭቃ፣ በደምና በሬሳ ሣጥን የሚታወቅ ጨለማ ፊልም ነው። ከሰቆቃው ፊልም ወደ ሳቁ ያመጣው የካሜራማን ዐይኑን ነው። ይህን ማወቅ የሚችለው ግን ፍሬሙን በሙሉ ያየ ሰው ብቻ ነው። በካሴት ያየው ሰው ባርቦኒን ጥፊና ቡጢ የሚደረድር ተራ ሠራተኛ አድርጎ ቢገምተው አይፈረድበትም። በብዙ የሂስ ጽሑፎች ላይ የተፈረደበትም እንደዚያው ነው።

ቀጥሎ ያለውን የቦሎቄ ትዕይንት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ትሪኒቲ ወደ አንድ የመንገድ ዳር ማረፊያ ይገባል፤ አንድ መጥበሻ ሙሉ ቦሎቄ ይቀርብለታል፤ በዳቦ እየጠረገ፣ ሳያቋርጥ፣ እስከ መጨረሻው ይበላዋል። ሌላ ጠረጴዛ ላይ እስረኛ ይዘው የተቀመጡ ሁለት አዳኞች አሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። የሚያስቀው መብላቱ ብቻ አይደለም፤ መታየቱም ነው። ጥሩ የዲስክ እትም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ የሚበላውና የሚያዩት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ መሆናቸው ሲሰማን። የዝርዝሩ መጥራትም ቀላል ነገር አይደለም። የቪዲዮ ካሴት በአግድም የሚለየው ወደ 240 መስመር ያህል ነው፤ ከቅጂ ላይ ቅጂ በተወሰደ ቁጥር ደግሞ ይህም ይቀንሳል። በብሉሬይ ምስሉ በቁመቱ 1080 መስመር አለው። በሦስተኛ ቅጂ ካሴት ላይ የአዳኞቹ ፊት ቡናማ እንጎቻ ነበር፤ በብሉሬይ ዐይናቸው ሲንከራተት ይታያል።

አሁን እምብዛም ወደማይነገርለት ጉዳይ ልለፍ፤ እሱም ፍጥነት ነው። የሲኒማ ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ይሄዳል። አገራችን የምትጠቀምበት የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ ፓል የሚባለው፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም ነው። ቀላሉ መፍትሔ ፊልሙን በመቶ 4 አፍጥኖ ማስኬድ ነበር። ስለዚህ 115 ደቂቃ የሆነ ፊልም በፓል ካሴት ላይ በ110 ደቂቃ ግድም ያልቃል። «አምስት ደቂቃ ቆርጠውበታል» የሚል ክርክር ስትሰሙ ምንም ያልተቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ነገር ጥቂት ጥቂት ቸኩሎ ነው። ድምፁም አብሮ ይቀጥናል፤ ከግማሽ ቶን በጥቂቱ የሚያንስ ያህል ከፍ ይላል። የፍራንኮ ሚካሊትሲ የመክፈቻ ዜማ፣ ኋላ ኩዊንቲን ታራንቲኖ በ2012ቱ «ጃንጎ አንቼይንድ» መጨረሻ ላይ የተጠቀመበት፣ ዝግ ያለ፣ በፉጨት የሚያዛጋ ዜማ ነው። የስንፍና ዜማ ሲቸኩል ምን እንደሚሆን ለሙዚቃ መምህራን እተዋለሁ። በኮሜዲ ላይ ግን ጉዳቱ የታወቀ ነው። ቀልድ በሚነገረው ነገርና በሚከተለው ዝምታ መካከል ባለው ጊዜ ላይ ይኖራል፤ የመቶ 4 ለውጥ በመቃብር ትዕይንት ላይ ባይሰማ በጥፊ ላይ ይሰማል።

ስለ ድምፅ ካነሣን ዘንድ፣ የ«ትሪኒቲ» «ዋናው ቋንቋ» የትኛው ነው? ይህ ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። በዚያ ዘመን የጣሊያን ፊልሞች ድምፅ ከቀረጻ በኋላ በስቱዲዮ ነበር የሚሞላው። በጣሊያንኛው ቅጂ የሚሰማው የቴረንስ ሂል ድምፅ የፒኖ ሎኪ ነው፤ የባድ ስፔንሰር ደግሞ የግላውኮ ኦኖራቶ። ስማቸውም ቢሆን የተቀዳ ነው። ቴረንስ ሂል የቬኒስ ተወላጅ ማሪዮ ጂሮቲ ነው፤ ባድ ስፔንሰር የኔፕልሱ ካርሎ ፔደርሶሊ፣ በ1952ና በ1956 ኦሎምፒክ ለጣሊያን የዋኘ። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ብቻ የያዘ ዲስክ «ኦሪጂናል» ነኝ ሊል አይችልም፤ ጣሊያንኛውን ብቻ የያዘውም እንዲሁ። ሁለቱንም የያዘ፣ ከየራሳቸው ጋር የሚሄድ የግርጌ ጽሑፍ ያለው እትም ይሻላል። በጀርመን የሆነው ደግሞ ከዚህ ያልፋል። ትሪኒቲ ካተረፈ በኋላ፣ ሁለቱ ተዋንያን ቀደም ሲል የሠሩት ኮስታራ የካውቦይ ፊልም እንደገና ተቆርጦና አዲስ ቀልደኛ ንግግር ተሞልቶለት ኮሜዲ ሆኖ ወጣ። ምስሉ ያው ነው፤ ዘውጉ ተለወጠ። በእኛ አገር በአንድ ተራኪ ድምፅ በአማርኛ እየተተረኩ የሚሸጡትን ትርጉም ፊልሞች የሚንቅ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ተራኪው ሲቀልድ፣ ሲያሳጥር፣ የሰፈር ተረብ ሲጨምር አዲስ እትም እየሠራ ነው፤ የእሱም ሥራ ሊጠና ይገባል።

በአሜሪካ «ትሪኒቲ» ረጅም ዕድሜ ያሳለፈው የባለቤትነት መብቱ አይጠበቅም በሚል እሳቤ ብዙ ርካሽ አሳታሚዎች ባወጡት ዲቪዲ ነው። እነዚያ ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ የካሴቱ ቅጂ ነበሩ፤ የተቆረጠ ፍሬም፣ የደበዘዘ ቀለም፣ አዲስ ሽፋን። ዲቪዲ ስለሆነ ብቻ ይሻላል ብሎ የሚገዛ ሰው የገዛው ያንኑ ካሴት ነው። ይህን ለቤተ መጻሕፍት ግዢ ኮሚቴ አባላት በተለይ አሳስባለሁ።

የ«ብሌዚንግ ሳድልስ» ጉዳይ በተቃራኒው ነው። ባለቤቱ ዋርነር ብራዘርስ ታላቅ ኩባንያ ነው፤ ፊልሙም በ2006 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገብቷል። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። መሬታቸው ለባቡር ሐዲድ የተፈለገባቸው የአንዲት ከተማ ነዋሪዎች ራሳቸው ለቀው እንዲሄዱ ተብሎ ጥቁር ሸሪፍ ይላክባቸዋል። ክሊቮን ሊትል ሸሪፉን፣ ጂን ዋይልደር ሰካራሙን ባለሽጉጥ ይሠራሉ፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሪቻርድ ፕራየር ነው። በዚህም ፊልም ቦሎቄ አለ። ካውቦዮች እሳት ከበው ቦሎቄ ይበላሉ፤ ከዚያም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በየተራ ይፈሳሉ። በሆሊውድ ካውቦይ ፊልሞች ለዐሥርተ ዓመታት ሰዎች እሳት ዳር ቦሎቄ ሲበሉ ኖረዋል፤ ውጤቱን የተናገረ ግን አልነበረም። ሁዳዴን በሽሮና በባቄላ የጾመ የአዲስ አበባ ተመልካች ለዚህ ትዕይንት ማብራሪያ አያሻውም።

ፊልሙ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲታይ ያ ድምፅ ተወገደ። ሰዎቹ ያለ ምክንያት ከተቀመጡበት ቆንጠር እያሉ ይነሡና ይቀመጣሉ። በ«ትሪኒቲ» ካሴት የተወገደው የምስሉ ጠርዝ ነበር፤ እዚህ የተወገደው ድምፁ ነው። በሁለቱም የቀረው ሥራ ሰው ሲበላ የሚያሳይ ዘገባ ነው።

ነገር ግን ያ የቴሌቪዥን ቅጂ ከተቆረጠበት የተነሣ ሰዓቱ ስላጠረ፣ ክፍተቱን ለመሙላት በሲኒማው ቅጂ ያልነበሩ ትዕይንቶች ተጨመሩበት። ስለዚህ የተጎዳው ቅጂ ጤነኛው ቅጂ የሌለውን ነገር ይዞ ቆየ። በ2004 ለፊልሙ 30ኛ ዓመት የወጣው ዲቪዲ እነዚህን ትዕይንቶች ለብቻቸው አካቷል፤ በ1975 የተሠራውንና ሉዊ ጎሴት የተወነበትን፣ ተከታታይ ሆኖ ያልዘለቀውን የቴሌቪዥን ድራማ የሙከራ ክፍልም ጨምሯል። እንደ እኔ ፍርድ የዚያ እትም ትልቁ ዋጋ ይኸው ነው። የሜል ብሩክስ የድምፅ ማብራሪያ ብዙ ተወድሶለታል፤ እኔ ግን ትዕይንቱን እየተከተለ የሚያብራራ ሳይሆን ከፊልሙ ጎን የሚሄድ ቃለ ምልልስ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ደስ ይላል፤ ለጥናት ግን አይጠቅምም። በ2006 የወጣው ብሉሬይ በምስሉ ከዲቪዲው በግልጽ ይበልጣል፤ ምሽት የተቀረጹት ትዕይንቶች ላይ ልዩነቱ ያስደንቃል።

በዚህ ፊልም ላይ ከምስልና ከድምፅ የከበደ ሌላ ጉዳይ አለ። ጥቁሮችን የሚሳደቡ ቃላት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሞልተውታል፤ ተሳዳቢዎቹ የሚሳቅባቸው ጅሎች ናቸው፤ ቃሉ ግን ቃል ነው። በ2020 ኤችቢኦ ማክስ ፊልሙን ሲያቀርብ አንዲትም ቃል አልቆረጠም። ከፊልሙ በፊት የሲኒማ ታሪክ ምሁሯ ፕሮፌሰር ዣክሊን ስቱዋርት ዐውዱን የምታስረዳበት አጭር መግቢያ ጨመረ። ተቃዋሚዎች «ቀልድ ማብራሪያ ሲጨመርበት ይሞታል» አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መግቢያው ከፊልሙ ውጭ ነው፤ የማይፈልገው ያልፈዋል። መቀስ ግን ማንም አያልፈውም።

ይህን ያነሣሁት የራሳችንን ቤት እያሰብኩ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአገራችን አቆጣጠር የተሠሩት የአማርኛ ፊልሞች፣ በተለይም በፖስተራቸው ላይ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ተመልካችን ያሳቁት በከፊል በቤት ሠራተኛዋና በዘበኛው አነጋገር፣ ከገጠር በመጣው ሰው ግራ መጋባት፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው በሆነ ሰው ዘዬ ነው። ዛሬ ስናያቸው ከፊሉ ያሳፍራል። አንድ ቀን እነዚህን ፊልሞች በክብር እንደገና የሚያሳትም ሰው ሲነሣ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል፤ የሚያሳፍረውን ቆርጦ ማውጣት ወይም ምንም እንዳልተፈጠረ ማሳየት። ሦስተኛው መንገድ እንዳለ የስቱዋርት ሥራ ያሳያል። ያ ዘዬ ለምን አሳቀ? የሳቀው ማን ነበር? የተሣቀበት ሰው ከአዳራሹ ውስጥ ነበር ወይ? ይህን የሚጽፍ ተማሪ ከዚህ ፋኩልቲ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

ግን የሚታተም ነገር መኖር አለበት። ጭንቀቴም ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው። «ትሪኒቲ»ን ስንት ጊዜ ቢቆርጡት 35 ሚሊ ሜትር የሆነው ኔጋቲቩ ነበረ፤ ወደ እሱ ተመልሶ አዲስ ቅጂ ማውጣት ተችሏል። የኃይሌ ገሪማ የ1976 ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም በማርቲን ስኮርሴዚ የፊልም ፋውንዴሽንና በቦሎኛው ሲኒማቴክ ሊታደስ የበቃው በሴሉሎይድ ስለተቀረጸ ነው። ከዚያ በኋላ በቪዲዮ የተሠሩት ፊልሞቻችን ግን ከበስተኋላቸው ኔጋቲቭ የላቸውም። በሚኒ ዲቪ የተቀረጸ ፊልም ምስሉ 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ካሴቱ ራሱ ኦሪጂናል ነው። ካሴቱ ከሻገተ፣ ማግኔቱ ከለቀቀ፣ ወይም አዲስ ነገር ከተቀዳበት፣ የቀረው በጣም የተጨመቀ ቪሲዲ ነው። ዛሬ ብዙዎቹን የምናገኛቸው ከዚያ ተወስደው ዩቲዩብ ላይ ተጭነው ነው፤ አንዳንዶቹም በባለቤትነት መለያ ሥርዓቱ እንዳይያዙ ሲባል ጠርዛቸው ተቆርጦ፣ ግራና ቀኛቸው ተገላብጦ። ቀድሞ በካሴት ለትሪኒቲ ፈረስ የሆነው ዛሬ ለእኛ ተዋንያን እየሆነ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ኋላ የሚመለሱበት ነገር አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው የተወሰነ ነገር ነው። በየፕሮዲውሰሩ ቤት፣ በመሳቢያና በካርቶን ውስጥ ያሉት ዋና ካሴቶች የሚያነባቸው መሣሪያ ገና ሳለ ሳይጨመቁ ወደ ፋይል ይገልበጡ፤ አንድ ቅጂ ወመዘክር፣ አንድ ቅጂ ዩኒቨርሲቲ ይቀመጥ። ማንም ገልባጭ ምስሉን «ለማሳመር» አይሞክር። ቅንጣቱን አጥፍቶ ፊትን እንደ ሰም ማለስለስ፣ ቀለሙን እንደ ዛሬው ማስታወቂያ ማድመቅ፣ በውጭ አገር ውድ ዲስኮችን ጭምር ያበላሸ በሽታ ነው። የቪሲዲውንና የቪዲዮ ቤቱን ቅጂም አትጣሉ። ከመሐሉ የገባው ማስታወቂያ፣ የተራኪው ድምፅ፣ የአከራዩ ስልክ ቁጥር ጭምር ፊልሙ እንዴት እንደታየ የሚመሰክሩ ናቸው፤ የ«ብሌዚንግ ሳድልስ»ን ተጨማሪ ትዕይንቶች ያቆየን የተጎዳው ቅጂ መሆኑን አስታውሱ።

ከዚህ በላይ በቃል ባስረዳ ትርፉ ጥቂት ነው። መብራቱን ብታጠፉልኝ የቦሎቄውን ትዕይንት ሁለት ጊዜ አሳያችኋለሁ፤ በመጀመሪያ ከካሴት በተገለበጠው ቅጂ፣ ቀጥሎ ከብሉሬዩ። በሁለተኛው ጊዜ ቴረንስ ሂልን አትዩት፤ ከበስተኋላ የተቀመጡትን ሁለቱን ሰዎች ተመልከቱ።